ኢኮኖሚው ሲያድግ ጓዳው ለምን ይጎድላል?

ደሴ፣ ሸዋበር፣ ቡና ላይ ነን። ሬዲዮው የአገሪቱ ኢኮኖሚ በዚህን ያህል በመቶ አደገ እያለ ያወራል። እትዬ ብለን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደሩ ቀና አሉና «ልጄ፣ ይሄ አደገ አደገ የሚሉት ምኑ ነው? ዋጋው ነው እንዴ?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። መልስ የሰጠ ግን የለም። እኔም «አብሽሩ፣ ጽፌ አነብልዎታለሁ» ብዬ ወጣሁ። እትዬ የሚተዳደሩት በጉሊት ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ይሸጣሉ። ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ከሬዲዮው ቀድመው ያውቃሉ። ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም።

አደገ የሚባለው ምኑ ነው?

አገር በአንድ ዓመት ያመረተችው እህል፣ የሸመነችው ጨርቅ፣ የገነባችው ቤት፣ የሰጠችው አገልግሎት ሁሉ በብር ተተምኖ ይደመራል። ድምሩ አጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ይባላል። «ኢኮኖሚው በ8 በመቶ አደገ» ማለት ይሄ ድምር ከአምናው በ8 በመቶ በለጠ ማለት ነው። በቃ።

ዋጋው ነው ወይ? አይደለም። ቢያንስ መሆን የለበትም። ስሌቱ ሲሠራ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ ነው። አምና አንድ ኩንታል ጤፍ ተመርቶ ዘንድሮም ያው አንድ ኩንታል ከተመረተ፣ ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ ዕድገቱ ዜሮ ነው።

ድምሩ የማያያቸው ነገሮች ግን አሉ። ገበሬው አምርቶ ራሱ የሚበላው እህል በግምት ይገባል። እናት ለቤተሰቧ የምትጋግረው እንጀራ ድካም ግን አይገባም። ያችው ሴት ያንኑ እንጀራ ለቤት ሳይሆን ለሆቴል ጋግራ ብትሸጥ ግን ይቆጠራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምር ድምር ነው። ማን ምን ያህል እንደደረሰው አይናገርም።

ዝናቡ በአማካይ ጥሩ ነበር

ይሄን ነገር ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። «ዘንድሮ ዝናቡ በአማካይ ጥሩ ነበር» ተባለ እንበል። ደላንታ ላይ በልጉ ጭራሽ ቀርቷል። ቃሉ ላይ ደግሞ ጎርፍ ማሳ ጠርጎ ሄዷል። ሁለቱን ደምረህ ለሁለት ብታካፍል «ጥሩ» ይወጣል። ገበሬው ግን የሚያርሰው አማካዩን አይደለም፣ ማሳውን ነው።

የነፍስ ወከፍ ገቢም እንደዚሁ ነው። ጠቅላላው ምርት ለሕዝቡ ቁጥር ተካፍሎ ይወጣል። አገሪቱ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በአማካይ በዓመት ከ9 እስከ 10 በመቶ እያደገች ነው የመጣችው። ዓለም ላይ እንዲህ የሮጠ አገር ጥቂት ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለኝም። የምለው፣ ቁጥሩ ያልተጠየቀውን አይመልስም ነው።

ታዲያ ድህነት ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም?

ቀንሷል። ይሄን መካድ ልክ አይደለም። በመንግሥት የቤተሰብ ወጪ ጥናት መሠረት በ1988 ዓ.ም ከሕዝቡ 45.5 በመቶው ከድህነት መስመር በታች ነበር። በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ደግሞ ወደ 23.5 በመቶ ወረደ። ግማሹ ሕዝብ ገደማ ድሃ ከነበረበት፣ ከአራት ሰው አንዱ ወደማይሞላበት መጣ ማለት ነው።

«የድህነት መስመር» ሲባል ምን እንደሆነ እዚህ ላይ መገለጽ አለበት። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ በልቶ፣ ልብስና ሳሙናን የመሰለ ሌላ ግድ የሚል ወጪ ሸፍኖ ለማደር ስንት ብር ያስፈልገዋል? በ2008 ዓ.ም መልሱ በዓመት 7,184 ብር ነበር። በቀን ሲካፈል 20 ብር አይሞላም።

እና በቀን 19 ብር የነበረው ሰው 21 ብር ሲደርስ «ከድህነት ወጣ» ተብሎ ይጻፋል። በርግጥ ወጥቷል። የወጣው ግን እስከ ደፉ ነው። አንድ በልግ ቢቀር፣ አንድ ልጅ ቢታመም፣ አንድ በሬ ቢሞት ተመልሶ ይገባል። ከመስመሩ በላይ ሆኖ ከመስመሩ ብዙም ያልራቀ ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው፣ ዜናው ግን ስለሱ አያወራም።

ሌላም አለ። ከ2003 እስከ 2008 የከተማ ድህነት ከ25.7 ወደ 14.8 በመቶ ሲወርድ የገጠሩ ከ30.4 ወደ 25.6 ነው የወረደው። ከተማው በመኪና፣ ገጠሩ በእግር እንደማለት ነው። ደግሞ ይሄ ሁሉ ቁጥር የተሰበሰበው ከኮሮና በፊት፣ ከጦርነቱ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም ከ30 በመቶ ካለፈው የዋጋ ንረትም በፊት ነው።

ድህነት እየቀነሰ ልዩነት እንዴት ይሰፋል?

አሥር ሰው መሶብ ከቧል። አሥር እንጀራ አለ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ከደረሰ ልዩነት የለም፣ ዜሮ ነው። አንዱ አሥሩንም ጠቅልሎ ሌላው ባዶውን ከቀረ ልዩነቱ አንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጂኒ የሚባለው መለኪያ በእነዚህ በዜሮና በአንድ መካከል የሚቆም ቁጥር ነው። ወደ አንድ በተጠጋ መጠን መሶቡ አድልቷል።

አሁን እንጀራው አሥር ሳይሆን ሃያ ሆነ። ትናንት ግማሽ ይደርሰው የነበረው ዛሬ ሦስት ሩብ አገኘ። ትናንት ሁለት ይበላ የነበረው ግን አምስት አነሳ። ረሃቡ ቀንሷል፣ ልዩነቱ ሰፍቷል። ሁለቱም እውነት ነው። ሰው ሲከራከር አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ነው የሚጮኸው።

የኢትዮጵያ ጂኒ በ2003 ዓ.ም 0.298 ነበር፣ በ2008 0.328 ሆነ። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሲታይ ዝቅተኛ ነው። ከተማውን ብቻ ለይተን ካየን ግን 0.38 ነው፣ ገጠሩ 0.28። የገጠሩ ማነስ ብዙም የሚያስደስት አይደለም። ባብዛኛው ሁሉም ትንሽ ትንሽ ስላለው የመጣ እኩልነት ነው።

አንድ ነገር በጆሯችሁ ልበላችሁ። እኛ ጋ ጂኒ የሚሰላው ሰው ከሚያወጣው ወጪ ነው እንጂ ካለው ሀብት አይደለም። ፒያሳ ላይ ባለ አራት ፎቅ ያለው ነጋዴ ማታ ሽሮ በልቶ ካደረ፣ መጠይቁ ላይ ከተከራዩ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በዓይናችን የምናየው ልዩነት ከወረቀቱ ቢበልጥብን ዓይናችን አልተሳሳተም።

ዕድገት በየት በኩል ነው ቤት የሚገባው?

በር ይፈልጋል። ዋናው በር የሚሸጥ ነገር መኖሩ ነው፦ ጉልበት፣ ሙያ፣ እህል፣ ከብት።

የአክስቴ ልጅ ከወረባቦ ኮምቦልቻ ወርዳ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥራ ነበር። የመጀመሪያ ደሞዟን ስትቀበል ሄጄ አየኋት። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ በግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሂሳብ። የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ለእማዬ፣ ይላል። ከ«ለእማዬ» ቀጥሎ የነበረው ቁጥር ሦስት ጊዜ ተሰርዞ እያነሰ ሄዷል። ኢኮኖሚው እሷ በሰፋችው ሸሚዝ ልክ አድጓል። እሷም ሥራ አግኝታለች፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ኪራዩ ከደሞዙ ፈጥኖ ይወጣ ነበር።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ሥራ ቆመ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉን፣ አጎዋ የሚባለውን፣ ዘጋች። በሩ ተከፍቶ ሳይጨርስ ተመልሶ ገርበብ አለ። ለግል ሠራተኛ ደግሞ እስካሁን በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይሄን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል።

ገበሬውስ? እህል ሲወደድ ይጠቀማል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ወሎ ላይ ግን የብዙ ቤተሰብ መሬት አንድ ሄክታር አይሞላም። ጎተራው ሰኔ ላይ ይራቆታል። ከዚያ በኋላ እስኪደርስ ድረስ ገበሬው ራሱ እህል ገዢ ነው። ጥር ላይ በርካሽ የሸጠውን ሐምሌ ላይ በውድ ይገዛል። ዋጋ ሲንር እሱም እንደ ከተሜው ነው የሚያለቅሰው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። እኛ ሰፈር ሁለት ቤት ጎን ለጎን አለ። በአንደኛው ልጅቱ ሳዑዲ ናት። የምትልከው ሪያል በብር ሲመነዘር እጥፍ ሊሆን ደረሰ፣ ጣራ ተቀየረ። በሁለተኛው አባት የጡረታ ብር ይቀበላል። ዘይትና መድኃኒት ሲጨምር ጡረታው እዚያው ነው። አንድ ውሳኔ፣ አንድ አጥር፣ ሁለት ኑሮ።

ወሎ ይሄን መች ነው ያየው?

በ1965 እና 1966 ዓ.ም። ያኔ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በረሃብ አለቀ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ድርቅ መጣ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ሞተ የሚለውን ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ በኋላ ኖቤል የተሸለሙት፣ ያንን ረሃብ ሲመረምሩ ያገኙት ሌላ ነገር ነው። በአገር ደረጃ የነበረው ምርት ያን ያህል አልወደቀም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ሰው እየረገፈ፣ በዚያው አስፋልት እህል የጫነ መኪና ያልፋል።

እንዴት? ገበሬው ማሳው ስለነጠፈ የሚሸጠው አልነበረውም። የሚሸጠው ከሌለው ገንዘብ የለውም። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ገበያ ላይ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ዋጋውም በሱ ረሃብ አይወጣም። በጉን ሊሸጥ ቢወጣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም በግ ይዞ ወጥቷል። የበግ ዋጋ ወደቀ። ደህና ቀን ከርሞ የሚያበላ በግ ለሳምንት ብቻ ሆነ።

«አለ» እና «ይደርሰኛል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሴን የማግኘት መብት ወይም የመግዛት አቅም ብለው በቀመር የጻፉትን ወሎዬ በአጥንቱ ነው የሚያውቀው። ስለ ማኅበራዊ ዋስትና የሚወራው ሁሉ መነሻው እዚህ ጋ ነው። የሚሸጠው ላለቀበት ሰው የሚበላው በየት በኩል ይድረሰው?

ሴፍቲኔት የሚባለው እንዴት ነው የሚሠራው?

ስሙ የሰርከስ ነው። በገመድ ላይ የሚሄደው ሰው ቢወድቅ እንዳይሰበር ከሥር የሚዘረጋ መረብ። ከ1995ቱ ድርቅ በኋላ፣ በየዓመቱ እርዳታ ከመለመን አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ ይሻላል ተብሎ በ1997 ዓ.ም ተጀመረ። መንግሥት ያስተዳድረዋል፣ ገንዘቡ ባብዛኛው ከውጭ ለጋሾች ይመጣል። በየጊዜው እስከ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰው አቅፏል። ወሎ ላይ ሴፍቲኔትን የማያውቅ ገጠር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ጉልበት ያለው ሰው ይሠራል። አንድ ሰው በወር 5 ቀን፣ ባብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ። እርከን፣ ውሃ ማቆሪያ፣ የገጠር መንገድ። በምላሹ ብር ወይም እህል ይሰጠዋል፤ እህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ጧሪ የሌለው ደግሞ ሳይሠራ ያገኛል፣ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ነፍሰ ጡርና አራስም ከሥራው ነፃ ሆነው ድጋፉ አይቋረጥባቸውም። «ሰውን ሰነፍ አደረገው» ሲባል እሰማለሁ። በወር 5 ቀን ድንጋይ ተሸክሞ 15 ኪሎ የሚቀበልን ሰው ሰነፍ ለማለት እኔ አንደበቴ አይደፍርም።

የሚያጣላው አመራረጡ ነው። ከላይ ኮታ ይመጣል። የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ስም ያወጣል፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ይነበብለታል። አንድ ጊዜ ሐይቅ አቅራቢያ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ዋርካ ሥር ተቀምጬ ነበር። ስሞቹ ተነበቡ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «እኔ ድሃ መሆኔን ያጣው ማነው?» አሉ። ማንም አላጣውም። ዝርዝሩ ላይ ግን ቦታ አልነበረም። መቶ ድሃ ላለበት ሰባ ኮታ ሲመጣ ሠላሳውን የሚቀንሰው ጎረቤት ነው። በኋላም አብሮ ገበያ የሚወርደው እዚያው ጎረቤት ነው። አንዳንድ ቦታ ጠቡን ለመሸሽ ስድስት ሰው ካለበት ቤት ሦስቱን ብቻ እየመዘገቡ ለሁሉም ቤት ያዳርሳሉ። ለሁሉም ይደርሳል፣ ማንንም ግን አያጠግብም።

መውጫውም አለው። ቤተሰቡ ጥሪት ያዘ ሲባል ከዝርዝሩ ይወጣል። ይሄ «ምረቃ» ይባላል። አንድ አያ ያሉኝን አልረሳም፦ «ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ እኔ ከሴፍቲኔት ተመረቅሁ። አሁን ሁለታችንም ቤት ነን።»

የከተማው ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዘው አስፋልት የሚያጸዱት እናቶች ብዙዎቹ የዚህ ተጠቃሚ ናቸው። ከሚከፈላቸው 20 በመቶው በባንክ ይቆጠባል፣ በኋላ ለራሳቸው ሥራ መነሻ እንዲሆን።

ቅሬ እያለን ይሄ ሁሉ ለምን?

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ዳቦው፣ ቀባሪው አይቸግርም። በዚህ ላይ ሰደቃ አለ፣ ዘካ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ደቦ አለ። ወሎን ያቆየው ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

ግን ሁለት ነገር አይችልም። አንደኛ፣ ቅሬ ለሞት ነው የሚከፍለው። ሳይሞቱ ለሚቸገሩ መድረሱ ገና አሁን አሁን የመጣ ነገር ነው። ሁለተኛው ይብሳል። የአንድ ሰው ቤት ሲቃጠል መቶ ሰው አዋጥቶ ያቆመዋል። ድርቅ የመቶውንም ማሳ አንድ ላይ ሲመታ ማን ለማን ያዋጣል? ሣጥኑ የሚራቆተው ሁሉም እጁን በሚዘረጋበት ቀን ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ፣ ያልተመታ አካባቢ የሚያዋጣበት ትልቅ ቅሬ ያስፈልጋል። መንግሥታዊ ማኅበራዊ ዋስትና ማለት እሱ ነው።

ለዚህ ቅርቡ ምሳሌ የጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእኛው ተሁለደሬ አንዱ ነበር። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ከታመመ ይታከማል፣ ካልታመመ ገንዘቡ ሌላውን አሳከመ። መክፈል የማይችለው ድሃ በቀበሌ ተለይቶ መንግሥት ይከፍልለታል። መዋጮው ጥሩ ነው፣ ጤና ጣቢያ ደርሰው መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ የተባሉ ዕለት ግን ሰው ያኮርፋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም አያድስም።

መሀል ላይ የቀረውስ?

ጡረታ አለ። ሠራተኛው ከደሞዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ለዚህ ግን አሠሪ ያስፈልጋል። ሴፍቲኔት አለ፣ ለዚያ ደግሞ የድሃ ድሃ መባል ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል የቀረው ሰው ነው ከተማውን የሞላው። የጉሊት ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ሊስትሮ። ኢኮኖሚው ሲያድግ ይሠራል፣ ሲያነክስ ከሥሩ የተዘረጋለት ነገር የለም።

ይሄን ጽሑፍ ቃሌን ጠብቄ ለእትዬ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ። «እኔስ ታዲያ ከየትኛው ነኝ?» አሉ። ጡረታ የላቸውም። ሴፍቲኔት ተመዝግበው «ሥራ አለሽ» ተብለው ተመልሰዋል። የቅሬ ወርሃዊ ክፍያ ግን አንድም ወር አላሳለፉም።

ከዚያ ተነስተው ከቁም ሣጥኑ የጤና መድኅን ደብተራቸውን አወጡ። በፌስታል ጠቅልለው ነው የያዙት። የመጨረሻው ማኅተም የአምናው ነበር።